ከቱሪስቱ በፊት ጋሪባው ነበረ

ከመካከላችን ጉዞ የማይወድ የለም። ደመወዝ ሲወጣ፣ በዓል ከቅዳሜና እሑድ ጋር ሲገጥም ወሬያችን ሁሉ "የት እንሂድ?" ነው። ታዲያ አንድ አባባል ሁሌም ያበሳጨናል፦ "አገር መዞር፣ የሌላውን ባህል ማየት የፈረንጅ አመል ነው፤ የእኛ ሰው ካልተቸገረ ወይም ካልነገደ ከቀዬው አይነቃነቅም" የምትለዋ። እስኪ ይቺን አባባል ይዘን ወደ ባሌ እንውጣ።

ከሻሸመኔ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን ዶዶላን፣ አዳባንና ዲንሾን ስናልፍ የስንዴና የገብስ አገር ተዘርግቶ ይቀበለናል፤ ሮቤ ደርሰናል ማለት ነው። 14 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጨምር ደግሞ ጎባ። ጎባ በቀድሞው ጊዜ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የዞኑ መቀመጫም፣ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም ያሉት ሮቤ ነው። ከጎባ በላይ መንገዱ 4,000 ሜትር ወደሚጠጋው ሳነቴ ይወጣል፤ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱም እዚያው ነው። ቱሪስቱ የሚመጣው ቀይ ቀበሮና ደጋ አጋዘን ብሎ ነው። የእኛ ታሪክ ግን ያለው ከተራራው ወደ ምሥራቅ ወረድ ብሎ፣ ድሬ ሼክ ሁሴን ላይ ነው።

ሼክ ሁሴን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ እንደኖሩ የሚነገርላቸው የእስልምና አስተማሪ ናቸው። ኖራ በተቀቡት ነጫጭ ግንቦቿ የምትታወቀው ድሬ ከእሳቸው በኋላ የጉዞ ከተማ ሆነች። ተጓዦቹ ጋሪባ ይባላሉ። ጫፉ እንደ ባላ የተከፈለ፣ ኡሌ የሚሉትን በትር ይዘው ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከሌላም ቦታ በእግር ይመጣሉ። የሚያድሩት የማያውቁት ሰው ቤት ነው፤ የሚበሉት ባለቤቱ የሰጣቸውን። በመንገድ ላይ የሼኩን ውዳሴ ያዜማሉ። ድሮ ወደዚያ የሚሄደው ሙስሊም ብቻም አልነበረም፤ በጥንቱ የኦሮሞ እምነት የጸና አርሲም ለስለት ይጓዝ ነበር።

"እሱማ ሃይማኖት ነው፤ ጉዞ መውደድ አይባልም" የሚል አይጠፋም። እኛ ሁለቱን መለየት ይከብደናል። የአውሮፓ ወጣት ዛሬ ቦርሳውን አዝሎ በእግሩ የሚሄድበት የስፔኑ የሳንቲያጎ መንገድም መነሻው የምእመናን ጉዞ ነው። ስለት ይዞ የወጣ ሰው መንገድ ላይ ሌላ ቋንቋ ይሰማል፣ ሌላ ምግብ ይቀምሳል፣ የሰው አገር ወግ ያያል። ባህል ማየት ከዚህ በላይ ምንድን ነው?

ደግሞም ስለ ባሌ ከተጻፉት ጥንታዊ መረጃዎች አንዱ የመጣው በተጓዥ ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው የደማስቆ ተወላጅ አል-ዑመሪ ባሌን በእግሩ አልረገጠም። ርዝመቷ የ20፣ ስፋቷ የ6 ቀን መንገድ መሆኑን ያሰፈረው ከዚህ አካባቢ የመጡ ሰዎች ነግረውት ነው። ያኔ የተጓዙት የእኛ ሰዎች ነበሩ፤ ጸሐፊው ቤቱ ተቀምጦ!

የፈረንጁ ተራ የመጣው ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 አሜሪካዊው ሐኪም አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ ከሶማሌ ጠረፍ ተነስቶ ሼክ ሁሴን ደረሰ። የወይብ ወንዝ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበትን፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን የሶፍ ዑመር ዋሻም አየ። ከዚያስ? አገሩ ባለ ቤት ስም "ዊንድላውን" ብሎ ሰየመው። ሕዝቡ ግን ዋሻውን ሼክ ሶፍ ዑመር ይጸልዩበት ነበር በሚባሉት ሰው ስም ይጠራው ነበር፤ ዛሬም ይጠራዋል። ሐኪሙ የዐፄ ምኒልክን ፈቃድ ስላልያዘ ወደ ፊት እንዳይቀጥል ተከልክሎ ተመለሰ። ደጋ አጋዘንም ዕጣው ይኸው ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1908 አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አደነው፤ በሁለት ዓመቱ ለሳይንስ "አዲስ" ተብሎ በአዳኙ ስም ተመዘገበ። ለባሌ እረኛ ግን ምኑ ነው አዲስ?

ፈረንጅ አይምጣ እያልን አይደለም። የዲንሾው ፓርክ እንዲቋቋም የእነሱም ድካም አለበት። ልዩነቱ ሌላ ነው፦ ጋሪባው የቦታውን ስም ይዞ ይመጣል፣ የቦታውን ስም ይዞ ይመለሳል። እንግዳ መሆኑን ያውቃል።

ይህ ዛሬ እኛን ይመለከታል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ድሬ ሼክ ሁሴንና ሶፍ ዑመር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ጊዜያዊ ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። የከተማ ልጅ መጉረፉ አይቀርም። የሚጠብቀው ግን ባዶ የፎቶ ሜዳ አይደለም። ጎዳንቱ በሚባለው ልማድ ከብቱን እንደየወቅቱ ከቆላ ደጋ የሚያመላልስ አርብቶ አደር አለ፤ መሬቱ ፓርክ ሲሆን "የት ልሂድ?" ይላል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሻ የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በወይብ ሸለቆ ብዙ ቀይ ቀበሮ ፈጅቷል፤ ቀበሮው ደግሞ በዓለም ላይ የቀረው ጥቂት መቶ ነው። የድሬን ጉዞ ሃይማኖታችን አይፈቅደውም የሚሉ ሙስሊሞችም እዚያው ባሌ አሉ። ባህል ማየት ማለት ይህን ክርክር ጭምር መስማት ነው።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ባሌ ሂዱ። ሳነቴ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራልና ወፍራም ልብስ ያዙ። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ሰላምታ አቅርቡ፤ የቦታውን ስም ጠይቁ፤ የተነገራችሁን እንደተነገራችሁ ጻፉት። ኡሌ ባትይዙም የጋሪባውን ወግ መያዝ ይቻላል።

ቸር እንሰንብት!