ፐርል ሃርበር፦ በአንድ ቀን የሚዞር ጦርነት

በሃዋይ፣ ኦዋሁ ደሴት፣ ፐርል ሃርበርን የሚያስጎበኙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከጦር መርከቧ “አሪዞና” ተነሥተው ወደ “ሚዙሪ” ይዘልቃሉ። በአንዷ መስጠም አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገባች፤ በሌላዋ መርከብ ላይ ጃፓን የሽንፈቷን ሰነድ ፈረመች። ታሪኩ እንዲህ ሲነገር ያምራል። ችግሩ፣ ከመነሻውና ከመድረሻው መካከል ያሉት ሙታን ለዚህ ትረካ አለመመቸታቸው ነው።

ቀኑ እሑድ፣ ኅዳር 28 ቀን 1934 ዓ.ም. ነበር። ጎንደር ላይ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን ከሰጠ ገና አሥር ቀኑ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ለጠዋቱ 2 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው፣ ከስድስት የጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች የተነሡ አውሮፕላኖች ወደቡ ላይ ደረሱ። 2,403 አሜሪካውያን ሞቱ። ከእነዚህ 1,177ቱ የአሪዞና ሰዎች ናቸው፤ አንድ ቦምብ የፊተኛውን የጥይት ግምጃ ቤት አግኝቶት መርከቧ ፈነዳች።

በ1962 የተመረቀው ነጭ መታሰቢያ ሰጥማ በቀረችው መርከብ ላይ ሳይነካት ተሻግሮ ቆሟል፤ ወገቡ ዝቅ፣ ሁለት ጫፎቹ ከፍ ያሉ ናቸው። የነደፈው አልፍሬድ ፕራይስ ናዚዎችን ሸሽቶ ከኦስትሪያ የመጣ ስደተኛ ነው፤ ከጥቃቱ በኋላ የጠላት አገር ሰው ተብሎ እዚያው ሃዋይ ታስሯል። ከመርከቧ ሆድ ዛሬም ነዳጅ በጠብታ ይወጣል፤ ውሃው ላይ ሲደርስ ቀስተ ደመና መስሎ ይሰፋል። ከጥቃቱ የተረፉ ከ40 በላይ ባልደረቦቿም፣ ዘመናቸውን ጨርሰው ሲሞቱ፣ አመዳቸው በጠላቂዎች እጅ ወደ ውስጧ ገብቷል።

ሌላዋ የጦር መርከብ “ኦክላሆማ” ተገልብጣ 429 ሰዎች አለቁባት። ከውስጥ ብረት ሲደበደብ የሰሙ ሠራተኞች ቀፎዋን ቆርጠው 32 ሰዎችን አወጡ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ከ70 ዓመት በላይ ስም አልባ ሆነው ተቀብረው ቆዩ፤ በ2015 አፅማቸው ወጥቶ በዲኤንኤ ምርመራ የብዙዎቹ ማንነት ታወቀ። በወደቡ ውስጥ ባለው የፎርድ ደሴት በሌላኛው ወገን ያለችው መርከብ “ዩታ” 58 ሰው ሞቶባት እንደተጋደመች ናት። ስፍራው ወታደራዊ ሰፈር በመሆኑ ተራ ጎብኚ እንደልቡ አይደርስባትም።

ሚዙሪ ላይ ሁሉም ፎቶ የሚነሣው ሰነዱ ከተፈረመበት ቦታ ነው። እኔ ግን ጎኗ ላይ ያለችውን ስርጉድ አስበልጣለሁ። ሚያዝያ 1945 አንድ ጃፓናዊ አብራሪ አውሮፕላኑን ከነራሱ እዚያ ላይ ላተመው። ካፒቴን ዊልያም ካላሃን፣ የመርከበኞቹ ቁጣ ሳይበርድ፣ አስከሬኑ በወታደራዊ ክብር ወደ ባሕር እንዲሸኝ አዘዘ።

ከጎብኚዎች መቀበያው አጠገብ የቆመችው ሰርጓጅ መርከብ “ቦውፊን” የፐርል ሃርበር ተበቃይ የሚል ቅጽል አላት። ነሐሴ 1944 ከኦኪናዋ ይሸሹ የነበሩ ተማሪዎችን የጫነችውን “ትሱሺማ ማሩ” ያሰጠመችው እሷ ናት። ከ1,400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከግማሽ የሚበልጡት ሕፃናት ነበሩ። የጃፓን መንግሥት ወሬው እንዳይነገር ከለከለ። ፐርል ሃርበር ከሄዱ ቦውፊንን ሳያዩ አይመለሱ፤ አስጎብኚው ይህን ካልነገረዎትም ይጠይቁት።