በመስታወት የሚሳል ኮከብ
መስታወት፣ እርሳስ፣ ባለ ሁለት መስመር ኮከብ የታተመበት ወረቀት

ተፈታኙ እጁን የሚያየው በመስታወቱ ብቻ ነው፤ እርሳሱን በሁለቱ መስመሮች መካከል ማስኬድ አለበት። ቀላል ይመስላል፤ ሲሞክሩት ግን እጅ አልታዘዝ ይላል።

በ1953 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሄንሪ ሞላይሰን፣ የሚጥል በሽታው እንዲሻለው፣ አዲስ ትዝታ ለመያዝ የሚረዳው ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል ከግራም ከቀኝም በከፊል በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ዕድሜው 27 ነበር። ሕመሙ ቀለል አለለት፤ አዲስ ያየውንና የሰማውን ግን ወዲያው ይረሳ ጀመር።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር ይህን ኮከብ በመስታወት እያዩ የመሳል ፈተና ለሦስት ቀናት ደጋግማ ሰጠችው። ከዚህ በፊት መሥራቱን አያስታውስም፤ ስሕተቱ ግን በየቀኑ ቀነሰ። እጅ የሚለምደው ነገር ሌላ የአንጎል መንገድ እንዳለው ያሳየው ይህ ተራ ወረቀት ነው። ሞላይሰን በ2008 እ.ኤ.አ. አረፈ፤ አንጎሉም 2,401 ስስ ቁርጥራጮች ሆኖ ለምርምር ተቀምጧል።