በወንድማማቾችና እኅትማማቾች ላይ የሚደጋገም የክሮሞሶም ለውጥ፦ ለቤተሰብ የተዘጋጀ መረጃ

ይህ መረጃ በየጥኖራ፣ በቢቸና፣ በሞጣና በአካባቢው ለሚኖሩ፣ ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ ለወለዱና ሌላ ልጅ ለመውለድ ለሚያስቡ ቤተሰቦች ያገለግላል።

ምክንያቱ
የሰው ሕዋስ በመደበኛነት 46 ክሮሞሶሞች አሉት። ዳውን ሲንድሮም የሚከሰተው የ21ኛው ክሮሞሶም ይዘት በተጨማሪነት ሲገኝ ነው። ከ100 ሕፃናት በ95 ያህሉ ተጨማሪው ክሮሞሶም ለብቻው የቆመ ሲሆን፣ ይህም በአብዛኛው በአጋጣሚ የሚፈጠር ነው። ከ3 እስከ 4 በሚሆኑት ግን ክሮሞሶሙ ከሌላ፣ ለምሳሌ ከ14ኛው ጋር ተጣብቆ ይገኛል። ይህ ትራንስሎኬሽን ይባላል፤ ከወላጅም ሊወረስ ይችላል።

ተሸካሚው ወላጅ 45 ክሮሞሶሞች ቢኖሩትም ዋናው የዘር ይዘት ስላልጎደለበት ጤነኛ ነው። 14ኛውና 21ኛው ሲጣበቁ፣ ተሸካሚዋ እናት ከሆነች ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድሉ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይገመታል፤ አባት ከሆነ በጣም ያነሰ ነው።

ሞዛይክ
በአንዳንድ ሰዎች ለውጡ የሚገኘው በከፊል ሕዋሳት ብቻ ነው። በወላጅ የዘር ሕዋሳት ብቻ ከሆነ የደም ምርመራ ላያሳየው ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ ልጅ በተመሳሳይ ሁኔታ ሲወለድ፣ የወላጆች የደም ውጤት መደበኛ መሆኑ ብቻውን ጥያቄውን አይዘጋም።

የምርመራው ቅደም ተከተል
1. ካርዮታይፕ የተባለው የክሮሞሶም ምርመራ በቅድሚያ ለልጁ ይደረጋል።
2. ትራንስሎኬሽን ከተገኘ ሁለቱም ወላጆች ይመረመራሉ።
3. ከወላጆች አንዱ ተሸካሚ ከሆነ፣ እኅቶቹ፣ ወንድሞቹና ጤነኛ ልጆቹ ምክር ሊያገኙ ይገባል።
4. ትራንስሎኬሽን ሳይገኝ ሁለት ልጆች ተመሳሳይ ለውጥ ካላቸው፣ ሞዛይክ ሊኖር ስለሚችል የባለሙያ ምክር ያስፈልጋል።

አገልግሎቱን ለማግኘት
ቤተሰቡ በቅድሚያ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ይቀርባል። ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ በሪፈራል ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታሎች ይላካል። ናሙናው የት እንደሚመረመር፣ ውጤቱ መቼ እንደሚደርስና ክፍያው ስንት እንደሆነ ከጉዞ በፊት መጠየቅ ጠቃሚ ነው። የቀድሞ ልጆችን የሕክምና ማስረጃ ይዞ መቅረብ ሥራውን ያቀላል።

ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ስላለባቸው፣ የልብ ምርመራ የክሮሞሶም ውጤት እስኪመጣ ሊዘገይ አይገባም።

ለውጡ እናት በበላችው፣ በሠራችው ወይም ባሰበችው ነገር የሚመጣ አይደለም፤ የእርግማን ምልክትም አይደለም። ስለሆነም ማንንም ወላጅ መውቀስ ተገቢ አይደለም።