ዳቺንግ፦ በነዳጅ ጉድጓዶች ዙሪያ የተቆረቆረችው ከተማ

በሰሜን ምሥራቅ ቻይና በሄይሎንግጂያንግ ክፍለ ሀገር የምትገኘው ዳቺንግ፣ ህልውናቸው በአንድ የተፈጥሮ ሀብት ላይ ከተመሠረተ የዓለም ከተሞች መካከል በዋነኛነት ትጠቀሳለች።

በአካባቢው የተቆፈረ ጉድጓድ ነዳጅ ያፈለቀው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 1959 ነበር። የሕዝባዊት ቻይና ሪፐብሊክ 10ኛ የምሥረታ በዓል ሊከበር ጥቂት ቀናት ቀርተውት ስለነበር፣ ስፍራው «ታላቅ ክብረ በዓል» የሚል ትርጉም ያለው ዳቺንግ የተሰኘ ስያሜ ተሰጠው።

እ.ኤ.አ. በ1960 በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችና ከሠራዊቱ የተሰናበቱ ወታደሮች ወደ ስፍራው ተንቀሳቅሰዋል። መጠለያ ባለመኖሩም ከአፈር በተሠሩ ቤቶች ውስጥ ብርቱውን ቅዝቃዜ አሳልፈዋል። በወቅቱ የተመረጠው አሠራር አንድ ትልቅ ከተማ መገንባት ሳይሆን፣ ነዳጅ ማውጣትን ከእርሻ ጋር ያጣመሩ የተበታተኑ መንደሮችን ማቋቋም ነበር። ከተማዋ ዳቺንግ በሚለው ስም በይፋ መጠራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው።

ዓመታዊው የድፍድፍ ነዳጅ ምርት እ.ኤ.አ. በ1976 ከ50 ሚሊዮን ቶን በላይ የደረሰ ሲሆን፣ እስከ 2002 ድረስ ለ27 ተከታታይ ዓመታት ከዚህ መጠን በታች አልወረደም። የከርሰ ምድሩን ግፊት ለመጠበቅ ለዓመታት ውሃ ወደ ውስጥ ሲገባ በመቆየቱ ግን፣ ከጉድጓዶቹ ከሚወጣው ፈሳሽ አብዛኛው ውሃ ሆኗል። ይህም የማምረቻ ወጪውን አንሮታል።

የለውጡ ጫና በቅድሚያ ያረፈው በሠራተኛው ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2002 የአንድ ጊዜ ክፍያ ተቀብለው ከሥራ የተሰናበቱ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች የማኅበራዊ ዋስትና ጥያቄ አንስተው አደባባይ ወጥተዋል።

ከተማዋ ከድፍድፍ ነዳጅ ሽያጭ ባሻገር የፔትሮኬሚካል፣ የምግብ ማቀነባበሪያና የተሽከርካሪ ኢንዱስትሪዎችን በማስፋፋት ላይ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ2017 በዳቺንግ የተገጣጠሙ የቮልቮ መኪኖች በባቡር ወደ አውሮፓ ተልከዋል። የቻይና መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው፣ በተፈጥሮ ሀብት ላይ የተመሠረቱ 262 ከተሞችንና አካባቢዎችን በሚመለከተው ዕቅድ ውስጥ ዳቺንግን አካቷል።

ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2010 በተካሄደው ቆጠራ 2 ነጥብ 9 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የነዋሪዎች ቁጥር በ2020 ወደ 2 ነጥብ 8 ሚሊዮን ገደማ ዝቅ ብሏል።

የዳቺንግ ተሞክሮ የሚያመለክተው፣ አማራጭ የገቢና የሥራ መስኮችን የመፍጠሩ ተግባር ምርቱ ማሽቆልቆል ሲጀምር ሳይሆን ከፍተኛ ደረጃ ላይ ሳለ መጀመር የሚገባው መሆኑን ነው።