በአውስትራልያ ምድረ በዳ ስለ ጥላና ስለ ቤት

ቤት ማለት ግድግዳና ጣሪያ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ቤት ሰውን ከፀሐይና ከብርድ ካላዳነው ስሙን እንጂ ሥራውን አልያዘም። ለዚህም የአውስትራልያ ነባር ሕዝቦች ታሪክ ምስክር ይሆነናል።

በአሊስ ስፕሪንግስ ዙሪያ ባለው በመካከለኛው አውስትራልያ በበጋ ቀን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በክረምት ሌሊት ግን ውርጭ ይወርዳል። የአገሩ ሰዎች ይህን የአየር ጠባይ አጥንተው የሚኖሩት በደጅ ነበር። ለቀኑ በፒቻንቻቻራ ቋንቋ ዊልጃ የሚባለውን የቅርንጫፍ ዳስ ይጥላሉ፤ ለሌሊቱም ነፋስ የሚከልል አጥር አጥረው፥ በየመኝታቸው መካከል እሳት አንድደው ይተኛሉ። ደጁ ማድ ቤትም፥ እልፍኝም፥ ሸንጎም ነው። በዚያ የተቀመጠ ሰው መጪውን ከሩቅ ያያል፤ እንደ አማትና አማች ያሉ፥ በሥርዓት ፊት ለፊት እንዳይገናኙ የተከለከሉ ዘመዶችም ያለ ችግር ይራራቃሉ።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) መንግሥት ነባሩን ሕዝብ ከነጮቹ አኗኗር ጋራ ለማዋሐድ ባወጣው መርሕ፥ በሰሜን ግዛት የሰፈራ ጣቢያዎች ባለ አንድ ክፍል የአሉሚኒየም ቤቶች ተሠሩ። ሐሳቡ ነዋሪው ከትንሹ ቤት ወደ ትልቁ ደረጃ በደረጃ እንዲሸጋገር ነበር። ቤቱ ግን በቀን እንደ ምጣድ ጋለ፤ በሌሊት እንደ በረዶ ቀዘቀዘ። ሰዎቹም ዕቃቸውን ከውስጥ አስቀምጠው እነርሱ ደጅ አደሩ። ሕዝቡ ቤት መያዝ አላወቀም ተባለ፤ ቤቱ ሰው መያዝ አለማወቁን ያስተዋለ ግን ጥቂት ነበር።

ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም። በ1987 በፒቻንቻቻራ አገር የንጋናምፓ የጤና ምክር ቤት ከደቡብ አውስትራልያ የጤና መሥሪያ ቤቶች ጋራ ያወጣው ጥናት፥ ለጤና ከሚያስፈልጉት 9 ነገሮች አንዱ የቤትን ሙቀትና ቅዝቃዜ መቆጣጠር መሆኑን አስታወቀ። አየሩ እርጥብና ሞቃት በሆነበት በሰሜኑ ጠረፍ ደግሞ፥ በዪርካላ፥ አርክቴክቱ ግሌን መርከት ለአንዲት የአገሩ ሠዓሊ በ1994 የሠራው ቤት መስታወት የለውም፤ ከመሬት ከፍ ብሎ፥ የጣሪያው ክፈፍ ረዝሞ፥ ግድግዳው እየተከፈተ ነፋሱን ያሳልፋል።

ዛሬም በብዙ ሩቅ መንደሮች የመብራት ዋጋ አስቀድሞ የሚከፈል ስለ ሆነ፥ ገንዘቡ ሲያልቅ ማቀዝቀዣው ይቆማል። ያን ጊዜ የሚቀረው መጠጊያ ሰፊ በረንዳና የዛፍ ጥላ ነው። ስለዚህ ለሌላው ቤት የሚሠራ ሰው መሬቱን ከመለካቱ በፊት፥ ነዋሪው ቀኑን የት እንደሚውል፥ ሌሊቱንም የት እንደሚያድር ይጠይቅ።