ከቀዳዳ መድፈን እስከ ጥርስ መለካት

የከንፈርና የላንቃ ስንጥቅ ሕክምና ታሪክ ሲተረክ ሁልጊዜ ከፊት የሚሰለፉት ቀዶ ሐኪሞች ናቸው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው አምብሯዝ ፓሬ የላንቃን ቀዳዳ በወርቅ ወይም በብር ክዳን ይደፍን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1819 ፊሊቤር ሩ የካናዳዊውን የሕክምና ተማሪ የጆን ስቲቨንሰንን ላንቃ ፓሪስ ላይ ሰፋ፤ ተማሪውም ኋላ በሞንትሪያል የሕክምና ትምህርት ቤት ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ሆነ። በ1861 ደግሞ በርንሃርድ ፎን ላንገንቤክ በርሊን ላይ የላንቃውን ሥጋ ከነአጥንቱ ሽፋን አላቅቆ ወደ መሐል የሚያገናኝበትን ስልት ይፋ አደረገ። ሥራቸው ታላቅ ነው፤ የብዙዎችን አንደበት ፈቷል። ሆኖም ችግሩን እንደ ቀዳዳ ስላዩት፣ ቀዳዳው ሲዘጋ ሕክምናው ያለቀ መሰለ። ስንጥቅ ከቀዳዳነት አልፎ የመላው ፊት አፈጣጠር ጉዳይ መሆኑን አጥብቆ የሚመሰክረው፣ በእኔ እምነት፣ የጥርስ መጠን ነው።

ጥርስን ታማኝ ምስክር የሚያደርገው አሠራሩ ነው። አናቱ አንዴ ከጠነከረ በኋላ ያልቅ ወይም ይሸረፍ እንደሆነ እንጂ አያድግም። የላይኛው ከንፈር የሚገጥመው በፅንሱ ስድስተኛና ሰባተኛ ሳምንት ገደማ ሲሆን፣ የወተት ጥርስም መነሻው በዚያው ሰሞን ነው። በስንጥቁ በኩል፣ ከመካከለኛው የፊት ጥርስ ቀጥሎ መብቀል የነበረበት ጥርስ ብዙ ጊዜ ወይ ጭራሽ የለም፣ ወይ ትንሽና ሾጣጣ ነው። እዚህ ላይ «ጉዳቱን ያመጣው ቢላዋው ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የዚህ ጥርስ ቋሚ ተተኪ መጠንከር የሚጀምረው ሕፃኑ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው፤ ላንቃውም የሚሰፋው ብዙውን ጊዜ በዚያው ዕድሜ አካባቢ ስለሆነ የጥርሱ እንቡጥ ሊጎዳ ይችላል። ነገር ግን ብዙ ጥናቶች ያነሰ ወይም የጎደለ ጥርስ ያገኙት ስንጥቅ በሌለበት ወገን፣ ቢላዋ ባልነካው በታችኛው መንጋጋም ጭምር ነው። የቀዶ ሕክምና ጠባሳ እስከዚያ ሊደርስ አይችልም።

«አንድ ሚሊ ሜትር ምን ያመጣል?» ለሚል ደግሞ የጥርስ አስተካካዩ ዌይን ቦልተን በ1958 ያሳተመው ልኬት መልስ አለው። በደንብ በሚገጥም አፍ ውስጥ የስድስቱ የታች የፊት ጥርሶች ጠቅላላ ስፋት ከላይኞቹ 77.2 በመቶ ገደማ ነው። ከመካከለኛው ቀጥሎ ያለው የላይኛው ጥርስ ሲያንስ ይህ ሚዛን ይፋለሳል፤ ጥርሶቹ በሽቦ ቢደረደሩም ወይ ክፍተት ይቀራል፣ ወይ የጥርሶቹ መሐል መስመር ወደ ስንጥቁ ይሳባል።

ሕፃን መጥባትና መናገር ስላለበት ቀዶ ሕክምናው ይቅደም የሚለው ክርክር እውነት ነው፤ መቅደም ግን ብቻውን መወሰን አይደለም። የጥርስ አስተካካዩ ኸርበርት ኩፐር በ1938 በላንካስተር፣ ፔንስልቬኒያ ያቋቋመው ክሊኒክ የተለያዩ ባለሙያዎችን አንድ ላይ ያሰባሰበው ለዚህ ነበር። ተመራማሪዎቹ ቦይንና ሳንድስ በ1972 ካሳተሙት ሥራ ወዲህ ደግሞ የድዱን አጥንት ስንጥቅ ከዳሌ በተወሰደ አጥንት የመሙላቱ ቀን በአብዛኛው የሚቆረጠው ክራንቻው ከመውጣቱ በፊት፣ የሥሩ እድገት በራጅ ታይቶ ነው።