አማችነት፦ ከቤተ ሙከራ እስከ ልብ ወለድ

ሁለት ተዋንያን በመድረክ ላይ ሲናበቡ ወይም ሁለት ወጣቶች በተዋወቁበት ዕለት ሲግባቡ «ኬሚስትሪያቸው ገጠመ» ማለት ዛሬ በእኛም ዘንድ ተለምዷል። አባባሉን ሳይንስ ለፍቅር ያዋሰው ይመስላል። ታሪኩን ስንመረምር ግን ቀድሞ ያበደረው ማኅበራዊ ኑሮ ሆኖ እናገኘዋለን።

የአውሮፓ ኬሚስቶች አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ለመዋሐድ የሚያሳየውን ዝንባሌ «አፊኒታስ» ይሉት ነበር። ይህ የላቲን ቃል በሮማውያን ዘንድ በጋብቻ የሚገኘውን ዝምድና፣ ማለትም አማችነትን ያመለክታል። በ1718 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳዊው ዥኦፍሯ ዝንባሌውን በሠንጠረዥ አሰፈረ፤ በ1775 ደግሞ ስዊድናዊው ቶርበርን በርግማን «የምርጫ መሳሳብ» ብሎ በሰፊው ተነተነው። በኖራ ድንጋይ ላይ ሰልፈሪክ አሲድ ሲፈስ ኖራው ከአሲዱ ጋር ተዋሕዶ ጀሶ ይሆናል፤ ከኖራው ጋር የኖረው ጋዝም ተፈትቶ ይሄዳል። «መፈታት» የሚለው ቃላችን ለጋዝም ለትዳርም መስማማቱን ልብ ይሏል።

ጀርመናዊው ደራሲ ጎተ በ1809 ላሳተመው ልብ ወለድ የበርግማንን ስያሜ በጀርመንኛ ርእስ አድርጎ ሰጠው። ባለርስቱ ኤድዋርድ አንድ ምሽት የሳይንስ መጽሐፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ሚስቱ ሻርሎተ «ዝምድና» የሚለውን ቃል ትሰማና ሐሳቧ ወደ ገዛ ዘመዶቿ ይሄዳል። በእንግድነት የተቀመጠው ሻምበል የኖራውን ምሳሌ ሲያስረዳት ለተባረረው ጋዝ ታዝናለች፤ በዚህ ውስጥ ምርጫ አይታየኝም፣ የተፈጥሮ ግዴታ ነው፣ ምናልባትም አጋጣሚ ብቻ ይሆናል ስትልም ትከራከራለች።

በእኛ አስተያየት የመጽሐፉ ቁም ነገር ያለው በዚህ ክርክር ላይ ነው። ከሻርሎተ ጋር የሚስማማ ሐሳብ በሳይንሱም ውስጥ ተነሥቶ ነበርና። በ1798 ከናፖሊዮን ጦር ጋር ግብጽ የሄደው ኬሚስት በርቶሌ በናትሮን ሐይቆች ዳር ሶዳ ከጨውና ከኖራ ድንጋይ ሲፈጠር ተመለከተ፤ በቤተ ሙከራ የሚታወቀው ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር። ከዚህም ተነሥቶ ውሕደትን የሚወስነው ቋሚ ዝንባሌ ብቻ እንዳልሆነ፣ የነገሮቹ መጠንና ያሉበት ሁኔታም ድርሻ እንዳላቸው በ1803 ባሳተመው መጽሐፍ አብራራ።

ስለዚህ ጎተ ሰውን እንደ ድንጋይ ቆጥሮታል የሚሉ ሰዎች ታሪኩን እስከ መጨረሻው የተከታተሉት አይመስለንም። ኤድዋርድ ሻርሎተ ወደምታሳድጋት ወደ ኦቲሊየ ይሳባል፤ ሻርሎተና ሻምበሉም እርስ በርስ ይሳሳባሉ። መሳሳቡ ያው ሆኖ ሳለ ሁለቱ ራሳቸውን ገትተው ይለያያሉ። ኤድዋርድ ግን መገታትን አያውቅም። በመጨረሻ ኦቲሊየ ንግግርንም ምግብንም ትታ ትሞታለች፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ይከተላታል። ሻርሎተም ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀበረቻቸው።